አራቱ መውረጃዎች

ሬሳው ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ «ምላጭ» ከሚባለው የሳይክል መንገድ ሦስተኛ መታጠፊያ ሥር፣ ድንጋያማ ገደል ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል። ሄልሜቱ ከጭንቅላቱ አልወለቀም። ሳይክሉ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቷል። መርማሪው እዚያ ለመድረስ አርባ ደቂቃ በእግሩ ወጥቷል፤ ሲደርስ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ነበር።

ገና ሳያርፍ ስልኩ ጠራ። አለቃው ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የመርማሪውን ቦርሳ ተሸክሞ የሚከተል ልጅ ነበር፤ ዛሬ ወንበር ይዞ ያዘዋል። ዓለም እንዲህ ናት፤ ቦርሳ ያሸከምከው ሰው አንድ ቀን ቦርሳህን ይፈትሻል።

«ጋሼ፣ አደጋ ነው አይደል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረቀቱን ይፈርሙልኝ። የደን ቢሮው እየጠበቀ ነው።»

«ቢሮው ምን አስቸኮለው?»

«ዓምና አንድ ሳይክል ነጂ እዚያው ወድቆ ሞቷል። ሁለተኛ ሰው በአደጋ ከሞተ ኮረብታው ለሳይክል ይዘጋል ተብሎ ተወስኗል። ነገ ማጠር ይጀምራሉ።»

«አደጋ ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ጥፋቱ የሰው እንጂ የመንገዱ አይደለም፤ አይዘጋም። ግን ጋሼ፣ ነገር አያብዙ። ለጡረታ ሦስት ወር ነው የቀረዎት።»

መርማሪው ስልኩን ዘጋና ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ሟቹ ስድሳውን ያለፈ፣ እጁ እንደ ቅርፊት የሻከረ ሰው ነው። በሄልሜቱ ፊት፣ በቅንድቡና በጢሙ ላይ ቀጫጭን ግራጫ ክሮች ተጠላልፈዋል። የሸረሪት ድር ነው። መርማሪው በጣቱ ነካ አድርጎ ተወው። ከዚያ ወደ ሳይክሉ ዞረ። ፍሬኑ ይሠራል፤ ጎማው አልፈነዳም። መቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ብረቱ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ተመዟል። በማስታወሻው ላይ «ድር፤ መቀመጫ» ብሎ ጻፈና መውረድ ጀመረ። መውረዱ ከመውጣቱ ባሰበት።

ከኮረብታው ግርጌ የሟቹ ልጅ የምትነግድበት ሱቅ አለ። ሳይክል ይከራያል፣ ይጠገናል። አሥራ አራት ሳይክሎች በፊት ጎማቸው ከጣራው መንጠቆ ተንጠልጥለዋል፤ የተነፈሰ ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ የሚፈተሽበት የውኃ ሳፋ በሩ ሥር ተቀምጧል። ልጅቷ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛለች። ዓይኗ ደርቋል።

«እሁድ እሁድ አራት ሆነው ይወጣሉ» አለችው። «ባለቤቴ፣ ጥይት የምንለው ተወዳዳሪ ልጅ፣ ጡረተኛው መምህርና አባዬ። ጫፍ ላይ ይለያዩና ሁሉም በሚወደው መንገድ ይወርዳል። ከዚያ እዚህ ተቀምጠው የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል ሲሉ ይውላሉ።»

«ማን የቱን ነው የሚወደው?»

«ባለቤቴ ‹ደረጃ›ን። ከአንድ የዛፍ ሥር ወደ ሌላው እየዘለሉ የሚወርዱበት ነው። ጥይት ‹ምላጭ›ን፤ እሷ ፍጥነት ለሚወድ ናት። መምህሩ ‹ዙሮ ግባ›ን፤ ሰፊ ስለሆነች አሮጊትም ትወርዳታለች። እሱ ስለ መንገዶቹ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው። አባዬ ደግሞ ‹ጥላዬ›ን። መጀመሪያ የቆፈራት እሷን ነው።»

«አራቱንም እሱ ነው የቆፈራቸው?»

«በዶማና በመጥረቢያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ሰው ሁሉ ጋሽ ዶማ ነው የሚለው።» ወደ ተንጠለጠሉት ሳይክሎች ቀና አለች። «ጋሼ፣ ኮረብታው ከተዘጋ ይሄ ሱቅ የብረት መጋዘን ነው። የአባዬም ድካም የከብት መሄጃ ሆኖ ይቀራል።»

ባሏ መካኒኩ ከኋላ ክፍል እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ቀድሜ የወረድኩት እኔ ነኝ፤ በደረጃ። ሦስቱን ጫፍ ላይ ነው የተውኳቸው። ጥይት ከእኔ ቀጥሎ ገባ፤ መምህሩ ቆይቶ መጣ። አማቴ ሲቀሩብን ጥላዬን ወጥቼ ፈለግኩ፣ ከዚያ ምላጭን። ጥይት ተከተለኝ። መምህሩ ጉልበቴን ብሎ እዚሁ ቀረ።»

«ከአማትህ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ስድስት ወር አልተነጋገርንም። ባለሞተር ሳይክል እናስገባ ስላልኩ። አንድ ገበታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለልጃቸው ‹ባልሽን ጨው አቀብለኝ በዪው› ይሏታል።» ፈገግ ሊል ፈልጎ ከንፈሩ እምቢ አለው። «አቀብላቸው ነበር።»

«የሳይክሉ መቀመጫ ከፍ ብሏል።»

መካኒኩ ጨርቁን አስቀመጠ። «በዚያ ቁልቁለት ላይ? አይሆንም። ስንወጣ ከፍ፣ ስንወርድ ዝቅ ነው፤ ያለዚያ ሳይክሉ በአናት ይደፋሃል። እሳቸው ደግሞ ‹መቀመጫውን ሳያወርድ የሚወርድ ጥርሱን ያወርዳል› እያሉ እኛን የሚገሥጹ ሰው ናቸው።»

«ፊቱ ላይስ የሸረሪት ድር ለምን ይኖራል?»

«እሱን ሸረሪት መብላት ነው የምንለው። ሌሊት የተደራውን ድር ጠዋት መጀመሪያ የሚያልፈው ሰው በፊቱ ይዞት ይወርዳል። ለሁለተኛው አይተርፍለትም።»

መርማሪው ማስታወሻውን ገልጦ ዘጋው፤ የሚጽፈው ሁሉ በሌላ ሰው ፊርማ መውጣት ከጀመረ ወዲህ መጻፍ ይሰለቸዋል።

ጥይት ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሁለት ውድድር አሸናፊ ነው፤ በክርኑ ላይ ዓምና የወደቀበት ጠባሳ አለ።

«በምላጭ ነው የወረድኩት» አለ። «ጋሽ ዶማንና መምህሩን ትቼ። ስወርድ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።»

«መጀመሪያ የወረድከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ሸረሪት በላህ?»

ጥይት ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «እ... በልቼ ነበር።»

መርማሪው ከዚያ በላይ አልጠየቀውም። ወደ ሱቁ ተመለሰ። መምህሩ ብቸኛዋ መደገፊያ ያላት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው።

«እኔ ከጥይት በፊት ነው የወረድኩት፤ በዙሮ ግባ» አለ። «ጥይትና ዶማ ጫፍ ላይ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜርና ጥይት ናቸው የሚያውቁት።»

«መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው አሉ።»

የመምህሩ ፊት በራ። ከቦርሳው ወፍራም ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ ዘረጋው። በእርሳስ የተሳለ፣ ከታተመ የማይለይ ካርታ ነው። «የአካባቢያችን ምርጥ የሳይክል መንገዶች። አራቱም ከነድንጋያቸው አሉበት። እዚህ ምንጩ፣ እዚህ የወደቀው ዛፍ፣ እዚህ መታጠፊያዎቹ። አየህ ወንድሜ፣ ካርታ እንደ ወሬ አይደለም፤ አንድ መስመር ከተሳሳተ ሁሉም ውሸት ነው።»

መርማሪው አጎነበሰ። በምላጭ ሦስተኛ መታጠፊያ ላይ ሦስት አጫጭር ሰረዞች ጎን ለጎን ተሰምረዋል። ቀና አለ።

«ድንቅ ነው። መቼ ጨረሱት?»

«ዓርብ ማታ።»

«ምላጭን በመጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ከክረምቱ ወዲህ አልረገጥኩትም። እኔ እዚያ ምን አለኝ? የጎረምሳ መንገድ ነው።»

መርማሪው ልጅቷን ወደ ኋላ ክፍል ጠራት። «አባትሽ ትናንት ምን ሠራ?»

«ምላጭ ላይ ዋለ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጎርፍ የቆረጠው ቦታ ነበር፤ ሦስት ግንድ ጎን ለጎን አጋድሞ ድልድይ ሠራበት። ሲመሽ ነው የገባው። ‹ለማንም እንዳትነግሪ፣ ነገ ራሳቸው ይዩት› አለኝ።»

«ለባልሽስ?»

«ለሱም አልነገርኩትም። ጋሼ፣ ንዴቱን ነበር በሥራ የሚወጣው። ዓርብ ማታ የመጽሐፉን ረቂቅ አነበብኩለት፤ እሱ ማንበብ አይችልም። ‹መንገዶቹን ያገኛቸውና የቀየሳቸው መምህሩ ነው› ይላል። የአባዬ ስም አንድም ቦታ የለም። ደግመሽ አንብቢ አለኝ። ደግሜ አነበብኩ። ምንም ሳይል ተኛ።»

መርማሪው ስልኩን አወጣ። የበሬን ምስጋና ፈረስ ወሰደው ይባላል። ከዚያ ከኮረብታው ጀርባ በሚወርደው አስፋልት መግቢያ ላይ ላለው ዘበኛ ደውሎ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም በተንጠልጣዮቹ ሳይክሎች ሥር ሰበሰባቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። መርማሪው የተገለበጠ የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ቆሞ መናገር አልቻለም።

«ሦስት ነገር አየሁ» አለ። «አንደኛ፣ ሟቹ ፊት ላይ ድር አለ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከሱ በፊት በምላጭ ያለፈ ሰው የለም። ጥይት፣ ዋሽተኸኛል።»

ጥይት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። «ጋሼ፣ እኔ አልነካኋቸውም።»

«አውቃለሁ። ዘበኛው አንድ ሰዓት ላይ ሳይክልህን እየገፋህ በአስፋልቱ ስትወርድ አይቶሃል። በየእሁዱ እንደዚያ ነው የምትወርደው አለኝ።»

ጥይት ድምፁ እየጠፋ፣ «ዓምና ከወደቅኩ ወዲህ አልቻልኩም» አለ። «እግሬ ፔዳሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። እስከ መጀመሪያው ቁጥቋጦ እገባና ወደ አስፋልቱ እቆርጣለሁ። ጥይት እያላችሁ ምን ልበላችሁ?»

«ሽማግሌው የመጀመሪያው ድር ፊቱ ላይ ሲያርፍ አንተ በምላጭ እንዳላለፍክ ገብቶታል» አለ መርማሪው። «ለማንም ለመናገር ግን አልቆየም። ሁለተኛው ነገር መቀመጫው ነው። ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ሳይክሉን እየገፋ በእግሩ ነበር የሚወርደው። ለምን? የቆፈረውን መንገድ ለምን በእግሩ ይወርዳል? አብሮት ያለው ሰው በሳይክል ሊወርደው ስለማይችል ነው። አማቹ በአራቱም ይወርዳል፤ ደግሞም ጨው በሰው አማላጅ የሚቀባበሉ ሰዎች አብረው ሽርሽር አይሄዱም። ጥይት አስፋልት ላይ ነበር። ከዙሮ ግባ ሌላ የማይወርድ አንድ ሰው ቀረ።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ መምህሩ።

«ግምት ነው፤ ለዚህ ነው ሦስተኛውን ያስቀረሁት። ካርታዎን ያውጡት።»

መምህሩ አልተንቀሳቀሰም። ካርታውን መካኒኩ ከቦርሳው አውጥቶ ዘረጋው።

«ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ያሉት ሦስት ሰረዞች ምንድን ናቸው?»

መካኒኩ ጎንበስ አለና ፊቱ ተለወጠ። «ግንዶቹ ናቸው። ዛሬ ሬሳውን ስፈልግ ነው ያየኋቸው፤ አዲስ የተቆረጡ ናቸው።»

«ትናንት ሲመሽ ነው ያለቁት። ካርታው ግን ዓርብ ተጠናቀቀ ተብሏል። መምህሩ ከክረምት ወዲህ ምላጭን አልረገጠም፤ ሬሳ ፍለጋውም ላይ አልወጣም። እዚሁ ቁጭ ብሎ፣ መካኒኩና ጥይት ሽማግሌውን ሲፈልጉ፣ እርሳሱን አውጥቶ ካርታውን አረመ።» መርማሪው ወደ መምህሩ ዞረ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እርስዎ ግን ስህተት ያለበት ካርታ ማየት አይችሉም።»

መምህሩ ጣቱን በሦስቱ ሰረዞች ላይ አሳለፈ። ሲናገር ድምፁ ክፍል ውስጥ እንዳለ መምህር የረጋ ነበር።

«‹መንገዱን አንተ ካገኘኸው ና አሳየኝ› አለኝ። ፊቱ ላይ ያለውን ድር እንኳን ሳይጠርግ እየሳቀ ከፊቴ ይሄዳል። ‹ይሄ ድንጋይ መቼ ተነሳ? ይሄስ ዛፍ ማን ቆረጠው?› አንዱንም አልመለስኩም። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ‹መምህር፣ አንተኮ እንግዳ ነህ› አለኝ። አርባ ዓመት አስተምሬ በማይም እንግዳ ተባልኩ። በመዳፌ ነው የገፋሁት። አንዴ።»

ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። መምህሩ ሲወጣ ካርታውን ሊያጥፍ እጁን ዘረጋ፤ መካኒኩ ከለከለው።

መርማሪው ስልክ ደወለ። አለቃው አዳመጠና፣ «ጥሩ ነው ጋሼ፤ ማስታወሻዎን ይላኩልኝ፣ ሪፖርቱን እኔ እጽፈዋለሁ» አለ። መርማሪው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሊነሳ ሲሞክር ልጅቷ ከጎኑ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ለባሌም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከጠዋት ጀምሬ ስጸልይ ነው የዋልኩት። አደጋ አይሁን፤ ሰው ገድሎት ይሁን እያልኩ። መንገዱ እንዳይዘጋ ብዬ። አባቴ ገደል ውስጥ ተጋድሞ እያለ።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናዞለታል። እንዲህ ያለ ግን ሰምቶ አያውቅም። «አባትሽን ብትጠይቂው ምን ይል ነበር?» አላት።

«መንገዱን ይል ነበር።»

በዚህ መሐል ሄልሜት ያደረጉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሩ ላይ ብቅ አሉ። ከሩቅ የመጡ ይመስላሉ፤ የሆነውን አልሰሙም።

«እኅቴ፣ ኮረብታው ይዘጋል ሲሉ ሰማን። እውነት ነው?»

«አይዘጋም» አለች።

«እንግዲያው ነገ እንመጣለን። የትኛው መውረጃ ይሻላል?»

ልጅቷ ወደ ኮረብታው ዞረች። መርማሪው በሣጥኑ ላይ እንዳለ ጠበቀ።

«ጥላዬ» አለች። «አባቴ ነው የቆፈራት።»