ያለ ድንጋይ የጮኸው ቴፕ

ያን ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚታመንበት ዕድሜ አልፎኛል፣ በልጅነቴም ቢሆን ሰው ጅብ ሆነ ሲባል «ማን አየ?» እያልኩ የሰው ጨዋታ የማበላሽ ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ አላምነውም፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ጦርነቱ መርሳ የገባ ሰሞን ነው። አጎቴ ጋሼ ደምሴ «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» ስላሉ እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። ጋሼ ድሮ ካሴት ቤት ነበራቸው፣ ትዝታና አምባሰል እየቀዱ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ይሸጡ ነበር። ታዲያ ሲሪንቃ በኩል ይሠራ የነበረ አንድ ጸጉረ ረጅም ፈረንጅ አገሩ ሲገባ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትቶላቸው ሄደ፣ ሽፋኑ ጥቁር፣ ላዩ ላይ የራስ ቅል፣ ውስጡ ጩኸት ብቻ፣ ፓንክ የሚባል የፈረንጅ ዘፈን ነው አሉ። ካሴት ጀርባው ላይ ያለችው ቀዳዳ ክፍት ከሆነች ሌላ ነገር አይቀዳበትም፣ ጋሼ ግን ባዶ ካሴት ሲቸግራቸው ቀዳዳዋን በወረቀት ይወትፉና በጯኺዎቹ ላይ ትዝታ ይቀዱበታል። ትዝታው ቶሎ ያለቀ እንደሆነ ከሥሩ ጯኺው ብቅ ይላል፣ ስንቱን ሙሽራ እንዳስደነገጠ እኔ ነኝ የማውቀው!

ከእነዚህ በአንዱ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አምባሰል ሲያንጎራጉሩ ቀድተዋቸዋል፣ በየትኛው ላይ እንደሆነ ግን ሳይጽፉበት ቀሩ። እትዬ ካረፉ በኋላ ድምፃቸው ያለው እዚያ ብቻ ነው። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ገበያ የለ፣ ጋሼ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትተው «ዘነበችን ልፈልጋት» አሉ።

የቴፕ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ ስላልነበረ ያሉንን አሮጌዎች ኩሽናው ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታቸዋለሁ፣ ጋሼ ደግሞ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ ያደርጓቸዋል፣ እንደዚያ ሆኖ ትንሽ ትንሽ ይሠራል። እትዬን ለማግኘት ጯኺዎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መስማት ግድ ሆነ፣ እመኑኝ፣ ጋሼ እየለመዱት መጡ!

«ይሄኛው ከበሮው አይናቅም፣ ሙሉዬ» ይሉኛል፣ «ልጁን ግን ምን በድለውት ነው?»

ጎረቤታችን ሐጂ ሙሄ በአጥር በኩል ይጣራሉ፣ «አዑዙ ቢላሂ! ደምሴ፣ ይህን ሰውዬ ወይ ካሰው ወይ ውሃ አጠጣው!»

ሳምንት ሳይሞላ ሐጂ ራሳቸው «ያ የትናንቱ ዛሬ አይመጣም?» ማለት ጀመሩ።

በመሀል አንድ ነገር ታየኝ፣ ማታ ቴፑ ውስጥ ረስተናቸው ያደሩ ድንጋዮች ጠዋት ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። እኔ ጋሼን ጠረጠርኩ፣ ጋሼ እኔን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ በአጥር አንሾካሾኩልን፣ «ታጣቂዎች መጡ፣ ቴፑንም ቴሌቪዥኑንም እየለቀሙ ነው!» ጋሼ ቴፑንና ካርቶኑን ጓዳ አስገብተው ቆለፉ፣ ቁልፉን እኔ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ድንጋዮቹ ቆርቆሮው ላይ ነበሩ፣ በዓይኔ በብረቱ እያየኋቸው፣ ፀሐያቸውን ይሞቃሉ። የሌላ ሰው ቤት መንፈስ በጨለማ ይመጣል፣ የእኛ በጠራራ ፀሐይ!

ሁለት ሆነው ገቡ። «ጓዳውን ክፈቱ» አለ አንደኛው። ያ ካርቶን ከሄደ እትዬም አብረው መሄዳቸው ነው። እጄን መቀነቴ ውስጥ እንደከተትኩ ከጓዳው ቂጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የቴፑ ቁልፍ ሲጫኑት የሚለው፣ ከዚያ ሽሽሽ፣ ከዚያ ከበሮው ወረደ፣ ከዚያማ ጯኺው ተለቀቀ፣ ቤቱን የሚያናውጥ ጩኸት!

ታጣቂው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ማነው እሱ?»

«እንጃ ልጄ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ «ከመጣ ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

«ያመዋል እንዴ?»

«ዛሬስ ደህና ነው።»

ሁለተኛው ጓደኛውን በእጅጌው ጎትቶት ወጡ፣ ወላሂ፣ የሐጂን ደጅ እንኳ ሳይረግጡ አለፉ። እኔ ልስቅም ላለቅስም ስል ጩኸቱ ድንገት ቆመ። ሽሽሽ አለ። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ፣ ዘፈን አይደለም፣ ልክ ወጥ እያማሰሉ እንደሚናገሩት ዓይነት፦

«ደምሴ፣ ድንጋዩን አውጣው፣ ይፈሳል።»

ቂጭ።

እትዬ በሕይወት ሳሉ ጋሼ ቴፕ ባጠፉ ቁጥር የሚሏት ነገር ናት። በሩን ከፈትኩ፣ ጓዳው ውስጥ ሰው የለም፣ ቴፑ ውስጥ ካሴት የለም፣ የድንጋዩ ቦታ ባዶ ነው። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ስል ሐጂ ሙሄ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሰገጉና «ደምሴ፣ ዘነበች ናት?» አሉ።



መብራት የተመለሰ ጊዜ ጋሼ ካሴቶቹን ሁሉ በሁለቱም ገጽ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው፣ ትዝታ አለ፣ ጯኺ አለ፣ እትዬ የሉም። እኔ እስከ ዛሬ ብቻዬን ጓዳ አልገባም፣ ከገባሁም እየዘፈንኩ ነው። ጋሼ ግን መርፌ አምጪልኝ አሉኝ፣ ካርቶኑን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ከእንግዲህ ማንም በላያቸው እንዳይቀዳ ከየካሴቱ ቀዳዳ የወተፉትን ወረቀት እየነቀሉ ጣሉት።