የተፍለቀለቀው ጨው

ለንሳ በአምቦ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆና ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድ ብልቃጥ ሰብራ አታውቅም። በ2004 ዓ.ም. ግን ጋሮማ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ከአዲስ ዓለም መጣ። የመስታወት ቱቦ ስታቀብለው ጣቶቻቸው ከተነካኩ ሁለቱም ቱቦውን ለቀው ይቅርታ ይጠያየቃሉ። በመጀመሪያው ወር ብቻ አራት ቱቦ ተሰበረ።

ጋሮማ ሳያረጋግጥ የማይናገር ሰው ነው። «አንድ ምልክት አይበቃም» ይላል ለተማሪዎቹ። ለንሳ በበኩሏ ስንት ምልክት እንደሚበቃው እያሰበች ዘጠኝ ወር ጠበቀች። ትወደው ነበር፤ ይህን ለማወቅ ሙከራ አላስፈለጋትም።

ግንቦት ላይ የተግባር ፈተና ሆነ። ተማሪዎቹ የተሰጣቸውን ጨው ከጀሪካን በሚቀዳ ዲስትልድ፣ ማለትም ተንኖ በተጣራ ውሃ አሟሙተው አሲድ ጠብ ያደርጉበታል። ከተፍለቀለቀና ጋዙ የኖራ ውሃን ወተት ካስመሰለ ካርቦኔት ነው። ካልተፍለቀለቀ ሲልቨር ናይትሬት ይጨመርበታል፤ ነጭ ዝቃጭ ከታየ ክሎራይድ ነው። የዚያን ቀን ግን የሁሉም ተፍለቀለቀ። የወጥ ጨው የደረሰው ተማሪ እንኳ በኩራት «ካርቦኔት» ብሎ ጻፈ።

ለንሳ ከጀሪካኑ ቀመሰች። የአምቦ ልጅ ይህን ጣዕም አይስተውም፤ ዘበኛው ጉርሙ ለሆዱ ሕመም ያስቀመጠው፣ አሲድ ሲነካው የሚፍለቀለቅ የምንጭ ውሃ ነው። ጠዋት «አትድከሚ፣ እኔ ልያዝልሽ» ብሎ በሩ ላይ ጎን ለጎን ከነበሩት ሁለት ጀሪካኖች አንዱን ያነሣው ጋሮማ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ነጋሳ እየተቆጡ ገቡ። «ማነው ይህን ያደረገው?»

ጋሮማ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ነው። ከአምቦ ሊሄድባት መሆኑን ስታስብ ለንሳ መታገሥ አቃታት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ!» አለ ጋሮማ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የዚያን ቀን ገና ሰማችው።

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ለአንድ ጀሪካን ሁለት ጥፋተኛ?» ኦቦ ነጋሳ ሁለቱን ተራ በተራ አዩአቸው። ቁጣቸው ትንሽ በረድ አለ። «ፈተናው ይደገማል። አንተ ግን፣ ትምህርት ቢሮው ለጎጆ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ስጠን እያለ ሲወተውተኝ ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ ጎጆ ትወጣለህ።»

ጎጆ ከአምቦ በላይ ያለች የብርድ ከተማ ናት። ሁለቱ ወደ በረንዳው ወጡ።

«ለምን ዋሸሽ?» አላት።

«እንድትቀርልኝ።»

አንገቱን ደፋ። «እወድሻለሁ፣ ለንሳ። ፈሪ ሆኜ እንጂ በመጀመሪያው ቱቦ ነበር መናገር የነበረብኝ። አሁንማ ምን ያደርጋል፣ ጎጆ መውጣቴ ነው።»

«ብቻውን ጎጆ የወጣ ሰው የት አይተሃል?»

መጀመሪያ ስለ መንገዱ የምታወራ መሰለው። ሲገባው ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«እ... እንግዲያ ማንን ሽማግሌ ልላክ? እዚህ ዘመድ የለኝም።»

ለንሳ የርዕሰ መምህሩን ክፍል በር በአገጯ አሳየችው።

«ጎጆ ያስወጣህን ሰውዬ ነዋ!»