የመጀመሪያው ቁራሽ

ያን ቅዳሜ፣ ሰባ ሰው ፊት ቆማ፣ ምን አስለፈለፋት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሌላ ሰው ቢሆን «ሰይጣን አሳሳተኝ» ብሎ ይገላገላል፤ ወይም «አፌ አመለጠኝ» ይላል። እሷ ግን ሁለቱንም ለማለት ፊት አልነበራትም። መልሱን እኛም ገና አልያዝነውም። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር፤ ሰውየው የስፖርት ቤቱን ደረጃ እያለከለከ ከወጣበት ቀን።

«አሳንሰር የላችሁም እንዴ?» አለ በሩን ተደግፎ።

«ያለን ደረጃ ብቻ ነው። እሱም የሥልጠናው አካል ነው።»

«እንግዲያው የዛሬውን ጨርሻለሁ።»

ሳቀች። ከውጭ አገር ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነበር። ሰባት ዓመት ስለ ምግብና ስለ ሰው አካል ተምራ መጥታ፣ ከክብደት ማንሻው አዳራሽ በመስታወት በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሚዛንና ሜትር ይዛ ትቀመጣለች። ሁሉም «ዶክተሯ» ይሏታል። መጀመሪያ «ዶክተር አይደለሁም» ትል ነበር። በኋላ ማረሙን ተወችው። ሰለቸኝ ብላ ነው የተወችው፤ ግን ቃሉ ደስ ሳይላትም አልቀረም።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጋጋሪ ነኝ» አለ፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። «ሰፈር ውስጥ ሊጦ ነው የሚሉኝ። ሊጥ ይዤ፣ ሊጥ መስዬ ነው ያደግኩት።»

ከኪሱ የተጣጠፈ የላቦራቶሪ ወረቀት አወጣ። የደም ስኳሩ የስኳር በሽታን ድንበር ሊሻገር ጥቂት ነበር የቀረው።

«አባቴ በዚሁ ነው እግሩን ያጣው» አለ። «ቀጥሎ እሱን ራሱን አጣነው።»

እሷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«በቀን ስንት ዳቦ ትበላለህ?»

«ስበላ ነው ወይስ ስቀምስ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ስበላ አራት። ስቀምስ አልቆጥረውም።»

ዕቅዱን ጻፈችለት። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ቀሩ። በምትካቸው እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ አቮካዶና ለውዝ ገቡ። በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት፣ በየወሩ ሐኪም ዘንድ ምርመራ። «የምንፈልገው ስብህ እንዲሄድ ነው፤ ጡንቻህ አብሮ እንዳይሄድ ደግሞ ፕሮቲን እንዳታጓድል» አለችው።

«ጋጋሪን ዳቦ ከለከልሽ ማለት እኮ፣ ዓሣን ከውሃ አውጥተሽ ‹አይዞህ፣ ተንፍስ› እንደማለት ነው።»

«ዓሣውማ ተፈቅዶልሃል።»

እንዲህ ሲቀላለዱ ተጀመረ።

ሌሊት የጋገረውን ሸጦ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ገና በሩ ላይ ሳለ የትኩስ ዳቦ ሽታው ይቀድመዋል። «ሽታው ካርቦሃይድሬት የለውም አይደል?» እያለ ይጠይቃታል። የቀበቶው ቀዳዳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወደ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ወር ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ። በሦስተኛው ወር ከትከሻው ሥር፣ ለዓመታት ዱቄት የተሸከመው እውነተኛ ክንዱ ብቅ አለ። እሷ ሜትሩን ወገቡ ላይ ስታዞር ቁጥሩን ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ መጣ። ቁጥሩ ግን እያነሰ ነበር።

በአራተኛው ወር ሚዛኑ ቆመ፤ ክብደቱ አልቀንስ አለ።

«በድብቅ ዳቦ እየበላህ ነው?» አለችው።

ጆሮው ሥር ድረስ ቀላ።

«አልበላም» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ የባሰ ነው።»

ነገራት። የዳቦ ቤታቸውን በር የከፈቱት አያቱ ናቸው። በዚያ ዘመን ዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር እየቀላቀሉ የሚሸጡ ነበሩና ሰው ፈርቶ ነበር። አያትየው በየማለዳው ከምድጃው የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ሰልፈኛው ፊት ቆርሰው መብላት ጀመሩ። አባቱም ቀጠለበት። አሁን ተራው የእሱ ነው። ጋጋሪው ቁራሹን ካልዋጠ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። እናቱ ባንኮኒው ኋላ ቆመው፣ «ጋጋሪ ያልበላውን ዳቦ ሰው አይበላም» ይላሉ።

«ታዲያ አንተ?»

«እቆርሳለሁ። አኝካለሁ። ከዚያ ትሪ ላምጣ ብዬ ከምድጃው ጀርባ እሄድና...» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ወረቀት ውስጥ እተፋዋለሁ። አራት ወር ሙሉ። እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ።»

«አንዲት ቁራሽ ብትውጥ እኮ ምንም አትሆንም።»

«አንቺ ሌላውን ሰው ነው የምታውቂው። እኔ አንድ ከዋጥኩ አሥር ነው። አባቴም ‹አንዲት ቁራሽ› እያለ ነው የሄደው።» ቀና አለ። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ላንቺ ብቻ ነው።»

እጇን እጁ ላይ አሳረፈች። መዳፉ በምድጃ እሳት የደደረ፣ ሞቅ ያለ ነበር።

«እኔ ጋ ተቀበረ በለው» አለችው።

ሚዛኑ ለምን እንደቆመ ሁለቱም ረሱት።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ አብረው መሄድ ጀመሩ። ወደየትም አልነበረም፤ ዝም ብሎ መሄድ። እሷ በተመለሰችበት ከተማ እንግዳ የሆነች ይመስላት ነበር። መንገዶቹ ጠብበውባታል፣ ጓደኞቿ አግብተው ተበትነዋል፣ ትምህርቷም አንዳንዴ ለዚህ ሰፈር የተሰፋ ልብስ አይመስላትም። ለእሱ ስትነግረው፣ «ሊጥም ከቦታ ቦታ ሲወስዱት ይከፋዋል። ትንሽ ካሳረፉት ግን ይነሳል» አላት።

አንድ እሁድ ቤቱ ወሰዳት። እናቱ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ልጄን ያመነመንሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«መልሰሽ ታወፍሪዋለሽ ወይስ እንዲሁ ከሲታውን ነው የምትወስጂው?»

እሱ በሳቅ ትን አለው። ምሳው ላይ ዓሣና ጎመን ቀረበላቸው። እናትየው ለራሳቸው ዳቦ ቆርሰው፣ ፍርፋሪውን በጣታቸው ጫፍ እየለቀሙ፣ «ሃምሳ ዓመት ሆነ፤ ከዚህ ቤት ዳቦ ገዝቶ በነጋታው የተመለሰ እንጂ የቀረ የለም። ሀብታችን ይኸው ነው፣ የኔ ልጅ። መታመን» አሏት።

ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አትችልም።

ወደዚያ ቅዳሜ ደረስን። የስፖርት ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «አሰልጣኙ» የሚሉት ጎልማሳ፣ ለሰፈሩ ሰው በነጻ ትምህርት እንድትሰጥ ጋበዛት። አዳራሹ ሞላ። ስለ ኢንሱሊን ተናገረች፣ ስለ ጡንቻ ተናገረች፣ ሠንጠረዥ አሳየች። ከሩብ ሰዓት በኋላ የፊተኛው ረድፍ ማዛጋት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወደቀ። ከኋላ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ሰብስባ ብድግ አለች። ሰባት ዓመት ተምራ የመጣችው ሰው ለማስተኛት መሰላት።

«አንድ ደንበኛ አለኝ» አለች። «ሥራው ዳቦ መጋገር ነው።»

ሽማግሌው ነቁ። ሴትየዋ መልሳ ተቀመጠች።

እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ! «ዳቦ ጋጋሪ እንኳ ዳቦ ማቆም ቻለ» ብላ ብታልፍ፣ ታሪኩ በቂ ነበር። ግን አንድ ሰው ፈገግ አለ፤ እሷም ሌላ ፈገግታ ፈለገች። የማለዳውን ሰልፍ ነገረቻቸው። ቁራሹን ነገረቻቸው። ይባስ ብላ ተወነችው፤ ጉንጯን ነፍታ፣ የሠንጠረዡን ወረቀት ይዛ፣ ከመናገሪያው ጀርባ ጎንበስ ብላ «ቱፍ!» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ሊጦ ነው! ሊጦ ነው እኮ!» ሲል ከኋላ ረድፍ አንድ ድምፅ ጮኸ።

ስሙን አልጠራሁም ብላ ነበር የምትጽናናው። በከተማው ውስጥ ሰልፈኛ ፊት ዳቦ ቆርሶ የሚበላ ጋጋሪ ስንት ኖሯል? ሳቁ ጣሪያው ሥር እያለ፣ እጇ ውስጥ ያለው ወረቀት ከበዳት።

«ዛሬስ አዳራሹን አነቃነቅሽው!» አላት አሰልጣኙ ሲወጡ።

ደወለችለት። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። እሁድ ገና ሲነጋ ተነስታ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠች። ሳይሰማ ልትደርስበት፣ ከራሷ አፍ እንዲሰማው። ስትደርስ ሰልፉ ከሌላው ቀን ሁለት እጥፍ ረዝሟል። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ግማሹ ነው፤ ግማሹ ሊያይ ነው የመጣው። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመች።

እሱ የመጀመሪያውን ዳቦ ይዞ ወጣ።

«ሊጦ፣ ዛሬስ በየት በኩል ነው የምትተፋው? ጫማዬን ላሽሽ» አለ ከፊት የነበረ ሰው።

ሳቅ ሆነ። ባንኮኒው ኋላ የቆሙት እናት አልሳቁም።

«ምንድን ነው የሚሉት፣ ልጄ? እውነት ነው?»

ቀና ሲል በሰልፉ ትከሻ ላይ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቁጣ ጠብቃ ነበር። ያየችው ግን ያን የመጀመሪያውን ቀን ፊቱን ነው፤ ወንበሩ ሲያቃስት ያልሰማ የመሰለበትን።

«እውነት ነው፣ እማ» አለ።

ከዚያ ዳቦውን ቆረሰ። በላ። ዋጠ። መድኃኒት እንደዋጠ ሕፃን አፉን ከፍቶ ለሰልፈኛው አሳየ። ሁለተኛ ቆረሰ። ሦስተኛ። «ይበቃሃል፣ ልጄ» አሉ እናቱ፤ አልሰማቸውም። ፍርፋሪው ደረቱ ላይ እየወረደ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ ያን ትኩስ ዳቦ ሙሉውን ጨረሰው። አራት ወሩን ሰው ፊት በላው።

«ተረኛ» አለና ከምድጃው ጀርባ ገባ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። መውጣት አቃታት፣ መቆምም አቃታት። ሰው ሲገፋ ተገፍታ ባንኮኒው ዘንድ ደረሰች።

«ስንት ልስጥዎት?» አሉ እናቱ።

«እማማ፣ እኔ...»

«ከኋላዎ ሰው ቆሟል።»

ሰኞ አምስት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። «ሊጦን አየሁት፣ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰልኝም» አለ አሰልጣኙ። ዓርብ በዚያችው ሰዓት ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ «አንድ ዳቦ የአራት ወር ልፋት አያጠፋም፤ ዕቅዱን ካቆምክበት ቀጥል» ብላ ጻፈች። ስታነበው የዶክተሯ ድምፅ ነው፤ አጠፋችው። ቀጥላ «ልጎዳህ ብዬ አይደለም» አለች። እሱንም አጠፋችው፤ እውነት ቢሆንም የሚያድነው ራሷን ብቻ ነው። ሦስተኛውን ቀስ ብላ ጻፈች፤ ሳታነበውም ላከችው።

«ለእኔ ብቻ የነገርከኝን ሰው ለማሳቅ ተናገርኩት። አፌ አላመለጠኝም። ሊሰለቹኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ሲስቁ ደስ አለኝ። አንተን ረስቼህ አልነበረም። እያሰብኩህ ነው ደስ ያለኝ፤ ጥሩ ወሬ ሆነህልኝ። የማፍረው በዚህ ነው። እናትህ ፊት ለመቆም ገና አልደፈርኩም፣ እደፍራለሁ። ስኳርህን መለካት እንዳትተው። እወድሃለሁ።»

መልእክቱ ወዲያው ተነበበ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ እንደገና ብቅ አለ። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። በሩ ተንኳኳ፤ አዲስ ደንበኛ ነበር። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ምልክቱ ጠፋ። በዚያ ሳምንትም፣ ከዚያ ወዲያም፣ መልስ አልመጣም።