ክቡ ቀዳዳ

አባቷ ከሞተ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ተኳሿ ግን ገዳዩ አንቺ ነሽ ተብላ የጥይት መሙያው ክፍል ውስጥ ተቆልፎባታል። ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው። የብረት በር አለው፤ ከዚያ ሌላ ጥይት የሚቀባበሉበት፣ ክንድ ብቻ የሚያሾልክ ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት መቶ ሜትር የሚረዝመው፣ ከሲሚንቶ የተሠራው የመተኮሻ ዋሻ ይታያል። ጫፉ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር፣ አባቷ ብርድ ልብስ ለብሶ ተጋድሟል።

አራት ሆነው ነበር የሚሠሩት። አባቷ የጠመንጃ አፈሙዝ ይሠራል፤ እሷ ተኩሳ ትፈትሻለች። አጎቷ ለደንበኛ ይሸጣል። ጥይቱን የሚሞላው ደግሞ ጨው እንኳ ሳይመዝን ወጥ ላይ አይጨምርም እየተባለ የሚታማው ሚሊግራም ነው። የውጭው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ገዳዩ ከሦስቱ አያልፍም።

አንድ የማይጣስ ደንብ ነበራቸው። ሰው ወደ ዒላማው ሲሄድ ተኳሿ የጠመንጃዋን መዝጊያ ብረት ነቅላ ኪሷ ትከታለች፤ ሰውየው እስኪመለስም አታወጣውም። ዛሬም አባቷ ንጹህ ወረቀት ይዞ ሲሄድ እንዲሁ አደረገች። ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ የጆሮ መከላከያዋን እንዳጠለቀች የማጽጃ ጨርቅ ልትፈልግ ወደዚህ ክፍል ገባች። ቀጥሎ ያየችው፣ አባትሽ ተመታ እያለ የሚጮኸውን የሚሊግራምን የተከፈተ አፍ ነው። ጠመንጃዋ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ ተገኘ፤ ያለ መዝጊያው ደግሞ አይተኮስም፤ መዝጊያው ያለው እሷ ኪስ ውስጥ ነው። አባቷን እንዲጠብቅ የወጣው ደንብ እሷን አንቆ ያዛት።

መርማሪው ሲገባ አንድ የጫማ ማሰሪያው ተፈትቶ ይጎተት ነበር። ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ነው። መደርደሪያው ላይ ወደቆመው ሌላ ጠመንጃ በእርሳሱ ጠቆመ።

«ያንቺ ከዚያ በምን ይለያል?»

«በውጭ አይለይም። ልዩነቱ አፈሙዙ ውስጥ በተቀረጸው ጥምዝ ነው። የኔ አረሩን አንድ ዙር የሚያዞረው በአሥራ ሁለት ኢንች ነው፤ ያኛው በሰባት። አባባ ትናንት ነው የጨረሰው፤ ዛሬ ልንፈትሸው ነበር።»

«ቶሎ ቢዞር ምን ይጠቅማል?»

«እሽክርክሪት ተጫውተው ያውቃሉ?»

«በልጅነቴ። ያኔ መልከ መልካም ነበርኩ።»

«ሲፈጥን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደክም ይንገዳገዳል። አረርም እንደዛው ነው። አጭሩ አረር ቀስ ያለ ዙር ይበቃዋል። ረጅሙ ግን ፈጣን ዙር ካላገኘ አየር ላይ ይገለበጣል። አባባ አዲስ አፈሙዝ በፈተሽን ቁጥር ወረቀቱን ላመጣ ስሄድ ከጠረጴዛው ይጮሃል፤ 'ተገለበጠ ወይ?' ይለኛል።»

«ረጅሙን ባንቺ ጠመንጃ ብተኩሰውስ?»

«ይተኮሳል፤ ግን አረሩ ተጋድሞ ነው የሚደርሰው። ለምን ጠየቁኝ?»

«ስለማላውቅ» ብሏት ወጣ። በሩ ተመልሶ ተቆለፈ።

የቀረውን ምርመራ ጆሮዋን ክፍተቱ ላይ ለጥፋ ሰማች። መርማሪው ለሚሊግራም ያንኑ ጥያቄ አቀረበለት።

«ረጅሙን በሷ ጠመንጃ? ማን ጅል ነው እንደዛ የሚያደርገው? ለዚህ እኮ ነው የቀለሁን ቂጥ ቀለም የምቀባው። ነጩ ለአጭሩ፣ ቀዩ ለረጅሙ። ደግሞ ለአዲሱ አፈሙዝ ካዘጋጀሁት ሳጥን አንድ ቀይ ጎድሎብኛል።»

ተራው የአጎቷ ሆነ።

«ለምን አይሆንም? ስፋታቸው አንድ፣ ጥይታቸው አንድ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ የምናገረው ይሄንኑ ነው።»

«ቀለሙስ?»

«የሚሊግራም ጌጥ ነዋ! ጌታዬ፣ እኔ ቢሮዬ ነበርኩ። መዝጊያውን ከኪሷ ያወጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ።»

ቆይቶ አጎቷ ወደ ክፍተቱ ጠጋ አለ። ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው።

«ሚጡ፣ ሳላየው ተኮስኩ በያቸው። ስህተት ነው ከተባለ ቅጣቱ ይቀልልሻል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልተኮስኩም።»

«ታዲያ ማን ተኮሰው?»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ስትተኩስ ስላረፈደች እጇ ባሩድ ባሩድ ይሸታል። ተኩሼ ረስቼው ይሆን እንዴ ብላ ራሷን ጠረጠረች። ግድግዳዎቹ የተጠጉባት መሰላት። እዚህ ተወልዳ ያደገች ያህል የምታውቀው ክፍል ዛሬ ትንፋሽ ነሳት።

በሩ ሲከፈት መርማሪው ሁሉንም በመተኮሻው ጠረጴዛ ዙሪያ አቁሟቸው ነበር። ሁለት ፖሊሶች መውጫውን ዘግተዋል።

«የገደለው አረር ከኋላ ያለው ብረት ላይ ተፈጭቷል፤ ከሱ የሚነበብ ነገር የለም» አለ መርማሪው። ከኪሱ አንድ ቀለህ አወጣ። «በልጅቷ ጠመንጃ ውስጥ የተገኘው ይሄ ነው። ቂጡ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ» አለ ሚሊግራም፤ ግንባሩ ተቋጠረ።

«እንግዲህ አንድ ቀይ በሷ ጠመንጃ ተኩስልኝ።»

ሚሊግራም መዝጊያውን ገጠመ፣ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ። ዋሻው አስተጋባ። አንዱ ፖሊስ ሄዶ ወረቀቱን አመጣው። ቀዳዳው ክብ አልነበረም፤ አረሩ በጎኑ የተኛ ያህል ረዝሟል።

«ተገለበጠ» አለች ተኳሿ ሳታስበው።

መርማሪው ተጠቅልሎ የቆየውን ሌላ ወረቀት ዘረጋው። ጠርዙ ላይ ደም አለበት። «ይሄኛው አባትሽ ሰቅለውት ከጀርባው ቆመው ሲያጠብቁት የነበረው ነው፤ አረሩ ይሄን በስቶ ነው የመታቸው። አዲስ ወረቀት፣ አንድ ቀዳዳ። እዪው።»

ቀዳዳው በወስፌ የተበሳ ያህል ክብ ነበር። ተኳሿ እስካሁን አላየችውም ነበር።

«ረጅም አረር ከዚያ ጠመንጃ ወጥቶ እንዲህ አይበሳም» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። «ስለዚህ የተተኮሰው ከአዲሱ ጠመንጃ ነው። መደርደሪያ ላይ ስለነበር መዝጊያውን ማንም አልነቀለውም። ገዳዩ ተኩሶ ወደ ቦታው መለሰው። የልጅቷ ጠመንጃ መዝጊያ ስለሌለው ከኋላው ክፍት ነው፤ ቀለሁን በጣቱ ገፋ አድርጎ ከተተው፤ አለቀ። ግን ይሄን ቀለህ እዚያ የሚተው ማን ነው? እሷ ብትሆን ራሷን አትወነጅልም። ሚሊግራም ቢሆን ነጭ ቀለህ ፈልጎ ይተው ነበር። ሁሉም ያው ነው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ አጎቷ ለመዞር አልደፈረም፤ እሷ ብቻ ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይሄ... ወረቀት ነው እኮ።»

«ቢሮዎ ውስጥ ሌላም ወረቀት አለ። የዚህ ቤት የሽያጭ ውል፤ ወንድምዎ አልፈርምም ያሉት። እሳቸው ሞተው ልጃቸው ከታሰረች ፈራሚው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አጎቷ ወንበር ፈልጎ አጣ። ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ «ዕድሜዬ እዚህ ዋሻ ውስጥ አለቀ» አለ። «ልውጣ ብዬ ለመንኩት። እንሽጠውና ልውጣ አልኩት። እሱ ስለ ዙር ያወራልኛል።» ቀና ብሎ አያት። «መውጣት ነበር የፈለግኩት፣ ሚጡ።»

«እኔን አስገብተህ» አለችው። አንቱታዋን ስታነሳበት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወሰዱት። የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ የከሰዓት ብርሃን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ገባ። መርማሪው፣ «ነጻ ነሽ፣ መውጣት ትችያለሽ» ቢላትም አልተንቀሳቀሰችም። ወረቀቱን ትኩር ብላ ታያለች። አዲሱ አፈሙዝ በሕይወቱ የተኮሰው አንድ ጥይት ነው፤ አባቷም ውጤቱን ሳይሰማ ቀረ።

ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታ መቶውን ሜትር በእግሯ ሄደች። ብርድ ልብሱ አጠገብ ተንበረከከች።

«አልተገለበጠም፣ አባባ» አለችው።