ዜብራው ላይ የቆመችው

ይህን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ሆኗል። ጓደኛዬ ሲራክ ራሱ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የነገረኝ...

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ያለው ዜብራ።

ሲራክ የኤሌክትሪክ መኪናውን ከገዛ ወር አልሞላውም። መሪውን ለቅቆ ቢቀመጥ እንኳ ራሷን ትነዳለች። በዙሪያዋ ያለውን ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ምስል አድርጋ ታሳያለች።

ያን ዕለት አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ዜብራው ውስጥ ገቡ። እርምጃቸው ከባድ ነው።

መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች።

ከኋላ ክላክሱ በዛ። ሲራክ ረፍዶበታል። ያልፋሉ ብሎ... ፍጥነት መስጫውን ረገጠው።

ዷ አለ።

ጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ አምሳለ ስልኳ ላይ ነበረች። ቀና አለች።

"ምንድነው?"

"ድንጋይ ነው።"

በስፖኪዮ ሰው ሲሰበሰብ አየ። አልቆመም።

በማግስቱ መኪናዋ ዜብራው ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ከፊት ማንም የለም። ስክሪኑ ላይ ግን...

አንድ ሰው ቆሟል።

"ለምን ቆምን?" አለች አምሳለ።

"ሰው አለ ትላለች።"

"የታለ?"

ሲራክ ፍጥነት መስጫውን እንደገና ረግጦ አለፈ። በምስሉ ላይ።

ሐሙስም ቆመች። ዓርብም። በየቀኑ ምስሉ አንድ እርምጃ ይቀርባል።

ቅዳሜ ብቻውን ሄዶ ዜብራው አጠገብ ካለው ሱቅ ውሃ ገዛ። ባለሱቁ መሐሙድ ሳይጠየቅ አወራለት፤ ማክሰኞ አንዲት እናት እዚህ ተገጭተው ሆስፒታል ሳይደርሱ ማረፋቸውን፣ ሹፌሩ ዞር ብሎ እንኳ አለማየቱን።

ሲራክ "ነፍስ ይማር" ብሎ ወጣ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያቺ ቃል ናት፣ አለኝ። እኔው ገድዬ፣ እኔው ነፍስ ይማር ማለቴ።

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ከሰፈር ሳይወጡ፣ ለአምሳለ ነገራት። አልጮኸችም።

"ድንጋይ ነው ብለኸኝ ነበር" ብቻ አለች። በሩን ከፍታ ወረደች። በእግሯ ሄደች።

እሱ መኪናዋን ይዞ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እጁን ሰጠ።

ቃሉን የተቀበለው ኢንስፔክተር ነገሪ፣ መኪናዋ በእርግጥ ሰው ታይ እንደሆነ ማረጋገጥ ፈለገ። መሪው ጋ ተቀመጠና ሲራክ ከፊት እንዲቆም አዘዘው።

ግቢው በፀሐይ በርቷል። ሲራክ አምስት እርምጃ ርቆ ቆመ።

ኢንስፔክተሩ ስክሪኑን አየ። ቀና ብሎ ሲራክን አየ። እንደገና ስክሪኑን...

በር ላይ የቆሙት ሁለት ጠባቂዎች ይታያሉ። ግንቡ ይታያል።

ሲራክ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው።

"ሲራክ..." አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከዚያ ውጣ።"

ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦታል።

መኪናዋ ግን ቀስ ብላ ወደ ፊት መሄድ ጀምራለች...