የመቃብሩ ተረኛ

ሙርዲና ወሬዋን ሁልጊዜ የምትጀምረው ከበሩ ነው። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ነፋሱ ዛፍ በማያበቅልባት በዚያች ትንሽ ደሴት፣ ጀልባዋ እንግዳ ባራገፈች ቁጥር ሻሿን አገጯ ሥር ታስርና፣ የታመመ ጉልበቷን እያሻሸች በላይኛው የድንጋይ መንገድ እንግዶቹን ትመራቸዋለች፤ ከዚያም ባሕሩ ዳር ዳሩን ገምጦ ሊጨርሰው ከቃረበው ከአሮጌው መቃብር ፊት ታቆማቸዋለች። የበሩ ብረት በዝገት ቀልቷል። አየሩ የበሰበሰ የባሕር አረምና የእርጥብ ሣር ሽታ አለው።

«በእኛ ደሴት ሟች ወዲያው አያርፍም» ትላለች፣ ለልጅ ተረት እንደሚነግር ሰው ድምፅዋን አለስልሳ። «መጨረሻ የተቀበረው ሰው የዚህ በር ዘብ ነው። ከባሕር የሚወጣ ነገር በሙታኑ መካከል አልፎ ወደ ሰው ቤት እንዳይወርድ፣ ቀጣዩ ሟች መጥቶ እስኪቀይረው ድረስ ይቆማል። ድሮ ሁለት ቀብር በአንድ ቀን ሲገጥም ዘመድ ሬሳ ተሸክሞ ይሽቀዳደም ነበር። የእኔ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ዘብ አይሁንብኝ እያለ!»

እንግዶቹ ይስቃሉ። አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ «ታዲያ አሁን ተረኛው ማነው?»

ሙርዲና ፈገግ ብላ ታልፈዋለች። ተረኛው የእሷው ልጅ ነው።

ኢዋን ወደቡ ላይ የጀልባ ገመድ ሲፈታ ውሃ ውስጥ ወድቆ የሞተ ልጅ ነው። እሱ ከተቀበረ በኋላ ባሕሩ አጥሩን መብላት ስለ ጀመረ ከመንገዱ ዳር አዲስ መቃብር ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የሞተ ሁሉ እዚያ ሄደ፣ የኢዋንም ተራ አላልቅ አለ። እሱ ደግሞ ጨለማ ይፈራ ነበር። ጢም አብቅሎ እንኳ ፋኖስ ካልበራለት አይተኛም። እናቱን ዕድሜዋን ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው፤ ያ ልጅ በዚያ ጨለማ ብቻውን መቆሙ።

ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጎድጓዳ ሳህን ወተት ታወጣለታለች። መጀመሪያ ላይ ከበሩ ሥር ነበር የምታስቀምጠው። ጉልበቷ ሲደክም ከቁልቁለቱ አጋማሽ አደረገችው፤ ዘንድሮ ደግሞ ከጓሮዋ አጥር አጠገብ። የትም ብታስቀምጠው ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነው፤ ተልሶ ተልሶ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ላይ ጨው ደርቆ ይቀራል። «ተከትሎኝ መጣ የኔ ልጅ» ትልና ሆዷ ይረካል። ማታ ማታ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ ደግሞ ከላይ የመቃብሩ በር ማጠፊያ ሲር፣ ሲር ይላል፤ ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነው። ዘይት ቀባችው፤ አልተወም። ነፋስ በሌለበት ምሽት እንኳ አልተወም።

አንድ ቀን ኢዋን ይሠራበት የነበረው ጀልባ ባለቤት፣ ጆሮው የደከመው ሽማግሌው ፊንሌይ፣ ሾርባ ሊጠጣ መጥቶ ሳህኑን ስትሞላ አያት።

«ለማነው ወተቱ?»

«ለማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ለኢዋን? ያ ልጅ ወተት ሲሸተው ያስመልሰው አልነበር እንዴ! የሰጠሁትን ወተት ሁሉ እያጠጣ የኔን ድመት እንደ በግ ያወፈራት ማን ሆነና?»

«ሞት አመል ያስለውጣል።»

«እንግዲያው ለእኔ ውስኪ አስቀምጪልኝ፤ አመሌን እንዳልለውጥ።» ስቆ ሲያበቃ ኮስተር አለ። «ስሚኝ ሙርዲና፤ እኔ የምቀበረው አሮጌው መቃብር ውስጥ ነው። ለቄሱም ነግሬዋለሁ። ዕድሜ ልኩን መንገደኛ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በር መጠበቅ አያቅተውም። ልጁን አሳርፍልሻለሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «በምን አውቃለሁ?»

«እንደ ጀልባው አፏጫለሁ። አንድ ረጅም ከሰማሽ በሰላም ተረክቤያለሁ። ቁርጥ ቁርጥ ካልኩ ያው የማዕበሉ ነው፤ ከዳር ራቁ፣ በር ዝጉ ማለት ነው። ኢዋንንም ያስተማርኩት እኔው ነኝ።»

በበጋው መጨረሻ የመጣች አንዲት እንግዳ፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ቁልቁል እያየች «እማማ፣ በዚያ በኩል ነው የሚመላለሱት?» አለቻት። ሙርዲና ዞር ብላ አየች። ከበሩ እስከ ጓሮዋ አጥር ድረስ ሣሩ በአንድ መስመር ተኝቷል፤ እርጥብ ጆንያ የተጎተተበት ይመስላል።

«የበግ መንገድ ነው» አለች።

«በጎቹስ የት አሉ?»

ከኮረብታው በዚህኛው ፊት በግ ከጋጠ ብዙ ጊዜው ነው። በዚያ ምሽት መስኮቷን ስትዘጋ የባሕር አረሙ ሽታ ከደጅ ሳይሆን ከመጋረጃው መጣባት። መጋረጃውን አጠበችው። በማግሥቱም ሸተታት፤ እንደገና አጠበችው።

በመከር ፊንሌይ ሞተ፤ እንደ ቃሉም አሮጌው መቃብር ተቀበረ። ቀባሪው ሁሉ ሲበተን ሙርዲና መዳፏን በበሩ ቀዝቃዛ ብረት ላይ አሳረፈች። «ና ልጄ፣ ተራህ አለቀ» አለች በሹክሹክታ። «ሳትሄድ ዛሬ ቤት ግባ። በሩን ክፍት እተውልሃለሁ።»

ቤቷ ገብታ ፋኖስ ለኮሰች፣ ወተቱን አጥሩ ሥር በማኖር ፈንታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ በሩንም ገርበብ አድርጋ ተወችው። ከዚያ የምድጃው እሳት መንጣጣት እንዳይጋርዳት ወጥታ ከቤቱ ማዕዘን ወዲያ ዞራ ጆሮዋን ወደ ኮረብታው ጣለች። ባሕሩ ጨለመ። ወፎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ልቧ አንዲት ረጅም ፉጨት ብቻ ይጠብቅ ነበር።

ፉጨቱ መጣ፤ የፊንሌይ ሰፊ ደረት ያወጣው፣ የማትስተው ፉጨት። ቁርጥ፣ ቁርጥ፣ ቁርጥ ይላል።

በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ፉጨት ተደረበበት፤ ቀጭን፣ በደረቀ ከንፈር የሚያፏጩት ዓይነት። ሙርዲና ያን ድምፅ ታውቀዋለች። በየምሽቱ ሲር፣ ሲር ሲል ዝገት ነው ብላ ዘይት የቀባችለት ነው። ልጇ በሩን አልተወም ነበር። በየምሽቱ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ፣ ከዳር ራቂ፣ በር ዝጊ ሲላት ነው የኖረው።

ጉልበቷን ረስታ ሮጠች፣ ገባች፣ በሩን ዘግታ መወርወሪያውን ገፋችው። ፋኖሱ ጠፍቷል፤ ከእግሯ ሥር ወለሉ ረጥቧል። ውጭ ፉጨቱ ሳያቋርጥ ይጣራል። ጀርባዋን በሩ ላይ ለጥፋ፣ በሰዓቱ ዘጋሁት ብላ ገና ትንፋሿን ስታወጣ፣ ከጠረጴዛው በኩል፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ሳህኑ ቀስ ተብሎ ሲላስ ሰማች።