በሐዘን ቤት የበራው ቴሌቪዥን

ስለ ሟች አይዋሽም። እኔ ደግሞ የምናገረው ስለ ገዛ እህቴ ነው... ስለዚህ የምነግራችሁን እንዳለ ተቀበሉኝ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጨለማም አልነበረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የከተማችን የሳን ፔድሮ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያችንን እያንጣጣ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሳሎኑ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ እንደሄደ ነው።

ይህን ልብ በሉልኝ... መብራት አልነበረም።

እህቴ ሲክስታ ከሞተች አምስተኛ ቀኗ ነበር። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ዘጠኝ ቀን ይጸለያል። በእነዚያ ቀናት ዘፈን አይከፈትም፣ መስታወት ይሸፈናል፣ ቴሌቪዥንም ነጭ አንሶላ ይለብሳል። የሚገለጠው በዘጠነኛው ቀን፣ ጸሎቱ ሲያበቃ ነው።

የሲክስታን ቴሌቪዥን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ትልቅ፣ የድሮ፣ ባለ እንጨት ሳጥን ነው። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ገመዱን ጠቅልዬ አናቱ ላይ አስቀመጥኩት። በሰፈራችን መብራት ድንገት ሲመጣ፣ ሳይጠፋ የተረሳ ነገር ሁሉ አብሮ ይጮኻል። ስንቱ ሐዘንተኛ በጸሎት መሃል የሜሬንጌ ዳንኪራ እየፈነዳበት ተዋርዷል!

እኔ ግን ሶኬቱን ነቅዬ ነበር። በእጄ።

ጸሎቱን የምትመራው አበልጄ ዶኛ ክሪሳ መቁጠሪያዋን ሳመችና የዝንጅብል ሻይ ቀረበ። ሰው ሻይ ሲይዝ ወሬ ይጀምራል።

"ይሄ ሳጥን እኮ ስንቱን አሳይቶናል!" አለ ጎረቤታችን ኤላዲዮ ወደ አንሶላው እያየ። "የቅዳሜውን የእኩለ ሌሊት ፕሮግራም ታስታውሳላችሁ?"

ማን ይረሳል!

ያኔ በሰፈሩ ያለው ቴሌቪዥን ይኸው የእኛው ብቻ ነበር። ሰው ወንበሩን ተሸክሞ እየመጣ መስኮታችን ላይ ይደረደራል። ልጆች ጭን ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። መለከት ነፊው ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ እናያለን፣ የከበሮ መቺው ዱላ አምልጦት ሲወድቅ እንስቃለን። የማይሳሳት ባንድ ማን ያምናል? ስህተቱ ራሱ ይጣፍጥ ነበር።

"የዛሬው ምኑ ይታያል?" አለ ኤላዲዮ። "የኢቬትን ድምፅ የሚተካ አለ? ያቺ ልጅ ስትዘፍን ሚስቴን እረሳ ነበር!"

"ሚስትህ ደግሞ አንተን ለመርሳት ዘፈን አላስፈለጋትም" አለችው ዶኛ ክሪሳ።

ሁሉም ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ምላሴን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ። ምክንያቱም...

ኢቬት አንድም ቀን ዘፍና አታውቅም።

የምትዘፍነው ሲክስታ ነበረች። ከቀዩ መጋረጃ ጀርባ ቆማ። የፕሮግራሙ ጌታ ዶን ዊልፍሬዶ ገና የመጀመሪያ ቀን፣ "ድምፅሽ የመልአክ ነው፤ ይሄ ጥቁር ፊትሽ ግን ለካሜራ አይሆንም" አላት። ከፊት ቀይዋን ኢቬትን አቆመ፤ እሷም አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ በየሳምንቱ ያቺን የታወቀች ቃሉን ይላል፦

"እዚህ ቤት የምትሰሙት ሁሉ ቀጥታ፣ በሕይወት ያለ ነው! ውሸት የለበትም!"

ሲክስታ ዘፈኑ ሲያልቅ የመድረኩን እንጨት በቀለበቷ ሁለቴ ትመታ ነበር። ጧ... ጧ። ለእናታችን የምትልከው ሰላምታ ነው። ሰፈሩ የከበሮ ይመስለዋል። እናቴ ግን እጇን ሳጥኑ ላይ አድርጋ፣ "ሰምቼሻለሁ ልጄ" ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ሲክስታ፣ "አንዴ ብቻ ከፊት ልቁም" ብላ ለመነች። ከዚያ ቀን በኋላ በቴሌቪዥን ጣቢያው በር አላለፈችም። የተቀረጹትንም ካሴቶች እያጠፉ ቤዝቦል ቀረጹባቸው። የእህቴ ድምፅ ሁሉ በኳስ ተጠረገ።

የቀረው አንድ ነው። እናቴ ትንሿን ቴፕ ከቴሌቪዥኑ ፊት ደግፋ የቀዳችው። የውሻ ጩኸት አለበት፣ የእናቴም ለቅሶ አለበት። ያን ካሴት ለማንም እንዳልሰጥ ሲክስታ ልትሞት ስትል አስምላኛለች። በዚያ በአምስተኛው የጸሎት ቀን በኪሴ ውስጥ ነበር።

የኢቬት ስም ገና ከኤላዲዮ አፍ ሳይደርቅ፣ መኪና በራችን ላይ ቆመ።

ዶን ዊልፍሬዶ ነበር።

አርጅቷል። ነጭ ሸሚዙ ግን ያው ነው፣ ሽቶውም ከእሱ ቀድሞ ገባ።

"ኧረ ዶን ዊልፍሬዶ! እግዚአብሔር ያክብርዎ!" ሰዉ ተነሳ። ሐዘን መሆኑን ረስተው እጁን ተሻሙበት። እሱም ሳይጠየቅ የሲክስታ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"እመቤቴ ሆይ፣ ትዕግስትሽን ስጪኝ" አልኩ በልቤ።

ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ኔሬይዳ... ካሴቱ አንቺ ዘንድ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ተይ እንጂ። የመታሰቢያ ፕሮግራም ላዘጋጅ ነው። ሕዝቡ ናፍቆታል። ኢቬት ትመጣለች፤ የቀረ ድምፅ ግን የለንም።"

"ኢቬት ካለች ትዝፈን።"

ፈገግ አለ።

"ቀልዱን ተይው። እህትሽ አሁን ምን ትሠራበታለች?"

በሐዘን ቤት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ዝምታዬን እሺታ መሰለው መሰለኝ፣ ወደ ሰዉ ዞረ።

"ሲክስታ ደግ ሴት ነበረች" አለ፣ በዚያ የካሜራ ድምፁ። "የኢቬትን ቀሚሶች እንደ እሷ አድርጎ የሚተኩስ አልነበረም!"

ቀሚስ የምትተኩስ...

ብድግ አልኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

"የዘፈነችው እሷ ናት!" ብዬ ጮህኩ። "ስታጨበጭቡ የኖራችሁት ለእህቴ ነው! ይሄ ሰውዬ መጋረጃ ጀርባ ደብቆ ነጠቃት፤ ዛሬ ደግሞ ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ ሊነጥቃት መጣ!"

ኤላዲዮ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

"ሐዘን ነው" አለ ዶን ዊልፍሬዶ እየሳቀ። "ሰው ሲያዝን ብዙ ይላል። እኔ ቤት የተሰማው ሁሉ በሕይወት ያለ ነው፤ ውሸት የለበ..."

ጧ... ጧ።

ከሳጥኑ ውስጥ ነበር።

የሁላችንም አንገት ዞረ።

አንሶላው ሥር ሰማያዊ ብርሃን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

"መብራት መጣ!" አለ ኤላዲዮ ደስ ብሎት። ድምፁ ግን መሃል ላይ ሞተ።

ዶኛ ክሪሳ ክንዴን ያዘችኝ።

"አበልጄ..." አለች በሹክሹክታ። "ማራገቢያው አልዞረም..."

አልዞረም። ማቀዝቀዣውም ዝም እንዳለ ነው። የሶኬቱ ገመድ፣ እኔ እንደጠቀለልኩት፣ አናቱ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ባንዱ መቃኘት ጀመረ። መለከቱ... ከበሮው... የሰው ሳል። ልክ እንደ ድሮው፣ ከዘፈኑ በፊት እንደሚሰማው። ከውጭ አንድ ሕፃን እየሳቀ ሲሮጥ ይሰማኛል። ፀሐዩም እንደ በራ ነው። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ከዚያ ዘፈነች።

እህቴ።

የቤቱ ሰው በሙሉ በመስቀል ምልክት አማተበ። ኤላዲዮ እንደ ልጅ ያለቅሳል። "እሷ ናት..." ይላል። "ወይኔ... እሷ ናት..."

ዶን ዊልፍሬዶ ግን ተቆጣ።

"በሐዘን ቤት ቴፕ ትከፍታላችሁ? አታፍሩም?" ብሎ ተነሳ። "ካሴቱን እዚህ ነው የደበቅሽው!"

ካሴቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ጨምድጄ ይዤዋለሁ።

"አይንኩት" አልኩት። "ዘጠኙ ቀን ሳይሞላ አይገለጥም።"

"የአሮጊት ተረት!"

የአንሶላውን ጫፍ አነሳ። አልገለጠውም... ጎንበስ አለና እንደ ድሮ ፎቶ አንሺ ጭንቅላቱን ከነትከሻው ከሥር አስገባ።

ዘፈኑ ቆመ።

ከአንሶላው ሥር ድምፁን ሰማነው።

"መጋረጃውን ማን ከፈተው?"

ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለማመጥ ሰው...

"ሲክስታ... እሺ... እሺ፣ አንቺ ወደ ፊት ውጪ... እኔ እዚህ... እኔ ለምን እዚህ?"

ብርሃኑ ጠፋ።

ጎንበስ እንዳለ ቆየ። በኋላ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ ከአንሶላው ወጣ። ፊቱ ምንም አልሆነም። ፀጉሩ እንኳ አልተበተነም።

ወደ እኛ ዞሮ አፉን ከፈተ።

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምላሱ ይንቀሳቀሳል። እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ልማዱ፣ ለካሜራ እንደሚናገር ሆነ።

ድምፅ የለም።

ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

አፉን እያንቀሳቀሰ ወጣ፣ አፉን እያንቀሳቀሰ መኪናው ውስጥ ገባ። ሐኪሞች ጉሮሮው ደህና ነው አሉ ሲባል ሰማሁ። የመታሰቢያው ፕሮግራምም እስከ ዛሬ አልታየም።

ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ጸሎቱ አልቆ፣ ሻማው ጠፍቶ፣ የመስታወቱን ጨርቅ አወረድን። ዶኛ ክሪሳ ወደ ቴሌቪዥኑ እጇን ስትዘረጋ...

ጧ ጧ ጧ ጧ ጧ!

የቀለበት አልነበረም። የቡጢ ነበር።

"ኔሬይዳ..." አለ ከውስጥ። ደካማ፣ የራቀ የወንድ ድምፅ። "ኔሬይዳ፣ መጋረጃውን ክፈችልኝ... የምናገረው እኔ ነኝ... ለሰዎቹ ንገሪያቸው፣ እኔ ነኝ..."

የዶኛ ክሪሳ መቁጠሪያ ከእጇ ወደቀ።

"አበልጄ፣ ስለ እመቤታችን... ክፈችለት።"

አንሶላውን ያዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልከፍት ነበር። ይቅር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ በየማታው የምጸልየው እሱኑ ነው።

ግን ወንበሩን አየሁት። የሲክስታን ተወዛዋዥ ወንበር። እርጅናዋን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ፣ ሰፈሩ የኢቬትን ድምፅ ሲያወድስ አንገቷን እየነቀነቀች ስትሰማ... አንድ ቀን እንኳ "እኔ ነኝ" አላለችም።

የአንሶላውን ጫፍ ከሳጥኑ ሥር ጠቀጠቅሁት።

"ቀሚስ እየተኮስክ ጠብቅ" አልኩት።

ዓመት አለፈ። ዶኛ ክሪሳ ትቆጣኛለች፤ ንስሐ ግቢ ትለኛለች። ለእሱ ሻማ አበራለሁ፣ ስሙን እየጠራሁ እጸልያለሁ። አንሶላውን ግን አላነሳሁም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ቤቱን ልጠርግ ስገባ የሲክስታ ወንበር ብቻውን ቀስ እያለ ይወዛወዛል... ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ።

አንሶላው መሃል ላይ ረጥቧል።

ጨርቁ ወደ ውስጥ ይሳባል... ወደ ውጭ ይነፋል... ይሳባል...

የተከፈተ አፍ ያህል።